አብሽር፣ አትታይም

ባለፈው እሁድ አንዲት እንግዳ አቦሉን እንኳ ሳትጨርስ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። ፊልሙ ስቧት መስሎኝ ድምፅ ጨመርኩላት። «ይቺን ሽቦ ግን ምናለ ብትደብቋት?» አለች።

ሽቦዋ ከቲቪው ሥር ወጥታ፣ ግድግዳውን ይዛ ወርዳ፣ ቡፌው አጠገብ ካለው ዲቫይደር ላይ ትሰካለች። በቃ። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ማንንም ነክታ አታውቅም። ደሴ ላይ አሁን አሁን ቡና የሚጠጣው እንዲህ ሆኗል፤ አቦል ላይ ሽቦ፣ ቶና ላይ መጋረጃ፣ በረካ ላይ ኮርኒስ። እዚሁ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል ለማለት ነው። እንግዳው ቤቱን ሲጠየፍ ምን እንደሚደረግ ግን ንጉሡ ትተውልን የሄዱት መመሪያ የለም።

ማክሰኞ ባለቤቴ ኤሌክትሪሽያን ጠራች። ከቲቪው ጀርባ ሶኬት ይገባል፣ ሽቦዋም ትጠፋለች። ልጁ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «አብሽር ጋሼ» አለኝ።

«አብሽር»ን እወዳታለሁ። ወሎ ላይ ሐዘኑም፣ ዕዳውም፣ የፈተና ውጤቱም የሚታከመው በእሷ ነው። ድሪል የያዘ ሰው ሲላት ግን መጠንቀቅ ነው።

«ብሬከሩን ላጥፋው?»

«አብሽር።»

«ታች ሶኬት አለ እኮ፣ መስመሩ በዚህ በኩል የወረደ ይመስለኛል።»

«አብሽር አልኩ!»

220 ቮልት አብሽር አያውቅም። መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፤ በዚያ ትክክል ዝም ብሎ አይበሳም። ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ። ጧ! አለ። ብሬከሩ ወደቀ። ልጁ ከወንበሩ ላይ ዘለለ። የማድ ቤቱ መስመር ተበጥሶ ፍሪጁ ጭጭ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ባለቤቴ። ይህችን ተረት ስወዳት! ግን ሰው ሁሉ በሴትዮዋ ይስቃል እንጂ አንድም ሰው «መሰላሏ የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። መሰላል ያለው ሰው ምን አንጠራራው? ጎረቤት ወስዶባት ይሆናላ!

የእኔን የወሰደው ጎረቤቴ ለመውሊድ ቤቱን ሊቀባ ነበር፤ «አሁን እመልሰዋለሁ» ብሎኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መውሊድ አልፏል። ጠዋት ጠዋት ጣራው ላይ ዲሹን አስተካክሎ በገዛ መሰላሌ እየወረደ «እንዴት አደርክ ጎረቤት?» ይለኛል። ሦስተኛዋ መወጣጫ በሌላ እንጨት ተተክታለች። ሰብሯታል ማለት ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ለሌላ ሰው አውሶት አየሁ። መሰላሌን! መልስልኝ ብል ስስታም እባላለሁ፤ ዝም ብል ሞኝ ነኝ። ስንቱን መሰላል ይሉኝታ በልቶታል! ወሳጁ ደረቱን ነፍቶ እየሄደ ባለቤቱ ለምንድን ነው አንገቱን የሚደፋው? ልጁ መሰላል ቢኖረው ኖሮ ወንበር ላይ እየተንገዳገደ ባልበሳ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ አንድ ቀን እነግረዋለሁ። ምናልባት ከመጪው መውሊድ በኋላ።

የት ነበርኩ? ሶኬቱ። ገባ። ግን ሳጥኑ ጠልቆ አልተቀበረም። ጎን ላይ በመሆን ፈንታም ልክ ቲቪው የተሰቀለበት ብራኬት መሐል ላይ ነው የተተከለው። ስለዚህ መሰኪያው ከኋላ ቲቪውን አራት ጣት ገፍቶታል። ያ ባለ 43 ኢንች ቲቪ አቀርቅሮ ያየናል፤ ዜና አንባቢዋ አሁን አሁን ሶፋው ላይ ዱብ የምትል ይመስላል። ልጁ «ጠለቅ ያለ ሳጥን ከኮምቦልቻ ላምጣ» ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት ወረደ። ሐሙስ ነበር። ስደውልለት «መንገድ ላይ ነኝ፣ አብሽር» ይለኛል።

እስከዚያ ፍሪጁ መብራት የሚያገኘው ከአዲሱ ሶኬት ነው። ሽቦው ከቲቪው ጀርባ ወጥቶ፣ ሶፋውን ዞሮ፣ በሩን አቋርጦ ማድ ቤት ይገባል። ትንሿ ልጄ ሁለቴ ተደናቅፋበታለች።

ያቺ እንግዳ ትናንት ደውላ ነበር። እሁድ ብቅ እላለሁ ብላለች። ሽቦውን አላነሳውም።