ማስተካከያ፦ ኦቨርሳምፕሊንግ የአናሎግ ማጣሪያን አያስቀርም

ስለ ሲዲ ማጫወቻዎች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ኦቨርሳምፕሊንግ ያለው ማጫወቻ ከዳኩ በኋላ የአናሎግ ማጣሪያ አያስፈልገውም» የሚል ሰፍሯል (ኦቨርሳምፕሊንግ ማለት የናሙናዎቹን፣ ማለትም በየቅጽበቱ የተለኩትን የድምፅ ቁጥሮች፣ ብዛት በዲጂታል መንገድ ማሳደግ ነው)። ትክክል አይደለም። ማጣሪያው ይቀላል እንጂ አይቀርም።

ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ቁጥር ወደ አናሎግ ቮልቴጅ የሚለውጠው ክፍል፣ ከሚፈለገው ድምፅ ጋር በናሙናው ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ የተንጸባረቁ ቅጂዎችንም ያወጣል። ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ስላለው የ20 ኪሎኸርዝ ድምፅ ቅጂ 24.1 ኪሎኸርዝ ላይ ብቅ ይላል። በዚህች ጠባብ ክፍተት አንዱን አሳልፎ ሌላውን ማገድ ገደል የመሰለ ማጣሪያ ይጠይቃል፤ በ1982 የወጣው የሶኒ ሲዲፒ-101 የሄደው በዚሁ መንገድ ነበር። ፊሊፕስ በበኩሉ ናሙናውን አራት እጥፍ፣ ወደ 176.4 ኪሎኸርዝ አሳደገው። በመካከል ያሉትን ቅጂዎች ዲጂታሉ ማጣሪያ አስቀድሞ ስለሚያዳክም፣ የቀረው ቅርብ ቅጂ 156.4 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። ለእሱ ቁልቁለቱ ረጋ ያለ የአናሎግ ማጣሪያ ይበቃዋል። «ጆሮ ካልሰማው ምን ቸገረን» የሚሉ አይጠፉም፤ ነገር ግን ያልተጣራው ቅሪት ማጉያው ውስጥ ገብቶ የሚሰማ መዛባት ሊፈጥር ይችላል።

በዚያው ጽሑፍ የቀጫጭን ድምፆች መዳከም በሙሉ የማጣሪያው ጥፋት ተደርጎ ቀርቧል። ዳኩም ድርሻ አለው። እያንዳንዱን ናሙና እስከሚቀጥለው ድረስ ይዞ ስለሚቆይ፣ ያለ ኦቨርሳምፕሊንግ 20 ኪሎኸርዝ ላይ 3.2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በአራት እጥፍ ግን 0.2 ገደማ ብቻ።