አንዷ ፕላስ

የፈለግኩት አንዲት የመታወቂያ ኮፒ ብቻ ነበር። ሐዋሳ፣ አንድ ግቢ በር ላይ ካለች ኮፒ ቤት ገባሁና ከሦስት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ኋላ ተሰለፍኩ። የመጀመሪያው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይዟል፣ 212 ገጽ። ሁለተኛው ኮምፓይለር ዲዛይን። ሦስተኛዋ ዳታ ስትራክቸሯን ዘርግታ «ለአምስታችን ነው» አለች።

«የእኔ አንድ ገጽ ናት፣ ላስቀድም?» ብዬ ተለማመጥኩ።

«እኛም ነገ ፈተና አለብን ጋሼ።»

እሺ፤ ግን ኮምፒውተርን ከወረቀት መማር ምን የሚሉት ነው? ሐይቁ እዚያው አጠገባቸው ተኝቶ ዋናን ከሀንዳውት እንደ ማጥናት! በልጅቷ ትከሻ ላይ አጮልቄ አየሁ። የኮፒ ኮፒ፣ የኮፒው ኮፒ። ጠርዙ ጥላሸት መስሏል። ጥግ ላይ አንድ የድሮ ተማሪ በእጁ የጻፋት «ይህቺ ትመጣለች!» አብራ ኮፒ እየተደረገች ትውልድ ተሻግራለች።

እኔም የዚሁ ቤት ልጅ ነበርኩ፣ ቂሜም ከዚያው ነው። ሲ ፕላስ ፕላስን የተማርኩት እንዲህ ካለ ወረቀት ነው። ቢያርን ስትሮስትሩፕ የሚባል ዴንማርካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በ1983 ይህ ስም የወጣለት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ፕላሶች በቋንቋው «አንድ ጨምር» ማለት ናቸው። እንግዲህ እኔ ዘንድ የደረሰችው ኮፒ ላይ ማሽኑ የየመስመሩ መዝጊያ ምልክት የሆኑትን ሴሚኮለኖች አንድ በአንድ በልቷቸዋል። ፕሮግራሙን ያለ ሴሚኮለን ሸመደድኩት፤ ፈተና ላይም በእስክሪብቶ፣ ያለ ሴሚኮለን፣ ቁጭ አደረግኩት። መምህሩ በየመስመሩ ግማሽ ግማሽ ነጥብ ላጨኝ። ግሬድ ተለጠፈ፤ ሲ ፕላስ። ሲ ፕላስ ፕላስ ተምሬ ሲ ፕላስ! አንዷን ፕላስ ምን አደረጓት?

ቢሮው ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። «እንዲህ ከጻፍክ ኮምፒውተሩ አይቀበልህም» አለኝ።

የቱ ኮምፒውተር? ላብራቶሪው ውስጥ ጨርቅ ለብሰው የተደረደሩት ናቸው? ቁልፉ እኮ የዓመት ፈቃድ ከወጣው ሰውዬ ኪስ ነው! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ስንት ዓመት ወረቀት አስታቅፈው፣ መውጫው በር ላይ «በል እስቲ ማውዙን ያዝ»!

ወረቀት ብዬ ዳይክስትራ ትዝ አለኝ። ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዳይክስትራ አጭሩን መንገድ የሚፈልገውን ስሌት ያገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ፣ ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞር ውሎ ደክሞት ካፌ ቡና ሲጠጣ ነው። በ20 ደቂቃ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ እርሳስ! እኛ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከእጮኛ ጋር አራት ሰዓት ተቀምጠን ከወገብ ሕመም በቀር ያገኘነው የለም። ስሌቱንማ የሐዋሳ ባጃጅ ነጂ ያውቀዋል። ከፒያሳ አሞራ ገደል ስትለው፣ ትራፊክ የቆመበትን መንገድ በጭንቅላቱ አስልቶ፣ ዳይክስትራ ባላሰበው ቅያስ ያደርስሃል። እሱን አምጥተው ቢያስተምሩበት ምናለ።

ክላውድ ኮምፒውቲንግም ኮርስ ሆኗል አሉ፤ ፋይልህን «ደመና» በሚሉት ሩቅ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ መሆኑ ነው። በጣም የምወዳት ተረት አለች፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ይህቺን የተረተው ሰው ክላውዱን ቀድሞ አይቶታል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የእህቴ የሠርግ ፎቶ እዚያው ሰማይ ላይ ነው። ፓስዎርዱን ረስታዋለች። ሁለት ልጅ ወልዳ እስካሁን አንድ ፎቶ አላየንም፤ ላሚቱ ግን ደህና ናት ይላሉ።

«ጋሼ፣ ተራህ ደርሷል» አለችኝ ባለ ማሽኗ።

ተማሪዎቹ ሄደዋል። ልጅቷ ሞቆ የሚያቃጥለውን የወረቀት ክምር እንደ ሕፃን አቅፋ ስትወጣ አየኋት፤ እሷን ልቆጣ አልቻልኩም። ኮፒዬን ተቀበልኩ። ፎቶው ጥቁር ድፍን ነው።

«የእኔ እህት፣ ይኼ ማነው?»

«ኦሪጅናሉም ጠቁሯል ጋሼ።»

ስሜን አየሁት። «ሽ» አናቷ ላይ ያለችውን ሰረዝ ማሽኑ በልቷት «ስ» ሆናለች። ሰልፉን ዞሬ አየሁት፤ ሌሎች አራት ተማሪዎች፣ አራት ሀንዳውት። እስክሪብቶ ተዋስኩና ሰረዟን በእጄ ጨመርኩባት።