ሕግ በሚማር ልጅ ላይ የማታ ዲግሪ አትጫኑበት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ተለቆ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት ሲጀመር፣ ደሴ ውስጥ ወላጆች እርስ በርስ የሚጠያየቁት ጥያቄ አለ። ልጁ ሕግ መማር ይፈልጋል፤ ሕግ ብቻውን እንጀራ ይሆነዋል ወይ? መልሱም ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ ይመጣል፦ ቀን ሕግ ይማር፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ይጨምርበት፣ ሲመረቅ በሁለት ዲግሪ ይውጣ። በዚህች ከተማ በጥብቅና የምተዳደር ሰው ነኝና ጥያቄው ቢሮዬ ድረስ ይመጣል። ሕጉን ይማር እላለሁ። የማታውን ዲግሪ ግን በእነዚያ ዓመታት አትጫኑበት። ደብል ዲግሪ የሚጠቅም ነገር መሆኑን አምናለሁ፤ እኛ እያደረግን ያለነው ግን እሱን አይደለም።

የወላጆቹ ስጋት ከየት እንደመጣ አልስትም። በ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ የ2014ቱን ፈተና የተቀመጡት ጦርነቱ ከተማቸው ገብቶ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው ነው። ከዚህ ሁሉ መሀል ያለፈች ልጅ ያለችው ቤተሰብ ዕድሉን አሟጥጦ ልጠቀምበት ቢል አይፈረድበትም። የተመረቀ ልጅ ያለ ሥራ ቤት ሲቀመጥ በየሰፈሩ እያየ ነው።

ግን ሕግ መግባት ራሱ እንዴት እንደሆነ እንይ። ምርጫው ሁለት ጊዜ ነው የሚደረገው። መጀመሪያ ተማሪዋ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ትሞላለች፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባታል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ የሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ በፍሬሽማን ውጤት ተወዳድሮ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። ወላጅ ሁሉ የሚጨነቀው ለመጀመሪያው ቅጽ ነው፤ ልጅቱን ሕግ የሚያስገባት ወይም የሚያስቀራት ግን ሁለተኛው ነው። ሎጂክና እንግሊዝኛ ላይ የምታመጣው ነጥብ የሚወስንበትን ዓመት በማታ ኮሌጅ ምዝገባ መክፈት፣ ሕጉን ገና ሳትይዘው ማስለቀቅ ይሆናል።

ደብል ዲግሪ የተለመደባቸውን አገሮች ሥርዓት ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ሕግ ለብቻው አራት ዓመት ነው፤ ኮሜርስ ወይም አርትስ ሦስት። ለየብቻ ቢማሯቸው ሰባት ዓመት የሚፈጁት ሁለት ዲግሪዎች፣ አንድ ላይ ሲያዙ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይበቃቸዋል። ይህ የሚሆነው የአንዱ ትምህርት ለሌላው የምርጫ ኮርስ ሆኖ ስለሚቆጠር ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተቀምጦ አስቦበታል፣ የጊዜ ሰሌዳውን አጣጥሞታል፣ የሚደገመውን ቀንሶታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሕግ የሚገባው መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ከቢዝነስ ማስተርስ ጋር ሲጣመርም ብዙ ጊዜ አራት።

እኛ ጋ ሕግ የጋራውን ዓመት ጨምሮ አምስት ዓመት ነው፤ ውስጡም ሙሉ ነው። የማታው ኮሌጅ የቀኑን የውል ሕግ አይቆጥርለትም፣ ዩኒቨርሲቲውም የማታውን የሒሳብ ኮርስ አይቆጥርለትም። ልጁ የሚሸከመው የሁለቱንም ሙሉ ጭነት ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ላይ ተጥሏል፣ በግል ኮሌጆችም ጭምር። ለሕግ ተማሪ ከዚያ በፊትም ነበረበት። ሁለት ዲግሪ ማለት እንግዲህ ሁለት የመውጫ ፈተና ማለት ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ወላጆች ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የሕግ ትምህርት ጊዜ የሚወስደው የት ላይ እንደሆነ ከውጭ ላለ ሰው አይታይም። ክፍል ውስጥ የሚጠፋው ሰዓት ትንሹ ነው። የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ ካነበቡ በኋላ የሕግ ስህተትን በመጨረሻ የሚያርመው የሰበር ሰሚ ችሎት በዚያ አንቀጽ ላይ ምን እንዳለ መፈለግ፣ ሁለት ውሳኔዎች የተለያዩ ሲመስሉ ልዩነቱ ፍሬ ነገሩ ላይ ይሁን ሕጉ ላይ መለየት፣ ይኼ ማታ የሚሠራ ሥራ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው ደግሞ እዚህ ክልል በአማርኛ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ይወጣል፣ ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው ግን አማርኛው ነው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ሳገኝ የውል ጽንሰ ሐሳብን በእንግሊዝኛ አሳምረው ያስረዱኛል። እስቲ ለዚህ ባለጉዳይ የክስ ማመልከቻ ጻፉ ስላቸው ግን ብዙዎቹ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማሉ። ጉብዝና ጎድሏቸው አይደለም፤ የሚጽፉበት ጊዜ አላገኙም። ችሎት ገብቶ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ማየት፣ በምስለ ችሎት መከራከር፣ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተቀምጦ ከገጠር የመጣችን እናት አዳምጦ ጉዳይዋን በአንድ ገጽ ማስፈር፣ ጠበቃ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ወላጆቹ ትክክል የሆኑበት ነገር ደግሞ አለ፣ ትንሽም አይደለም። ሕግ ብቻውን የማይበቃበት ጉዳይ በእጃችን ሞልቷል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ግቡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ከዚያ በፊትም ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱና ቢራ ፋብሪካው ነበሩ፣ ደረቅ ወደቡም አለ። እዚያ የሚነሳ ክርክር ግማሹ ሕግ ከሆነ ግማሹ ቁጥር ነው። በአዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለየተጨማሪው ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ይህንን ከደመወዝ መዝገብ ላይ አውጥቶ ማስላት የማይችል ጠበቃ ደንበኛውን ይጎዳል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ደግሞ በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ ማቅረቢያው 21 ቀን ነው። በ21 ቀን ውስጥ የሒሳብ መዝገቡን አንብቦ ስህተቱ የት እንዳለ ማሳየት አለበት። የሒሳብ ባለሙያው ሕጉን አያውቅም፣ ጠበቃው ሒሳቡን አያውቅም፤ ነጋዴው በሁለቱ መካከል ቀኑ ያልፍበታል።

ጦርነቱ ይህንን ክፍተት አፍጥጦ አሳይቶናል። በ2014 ዓ.ም. መጋዘንና ፋብሪካ ተዘርፎ፣ ሱቅ ተሰብሮ፣ የባንክ ብድር ግን መቁጠሩን አላቆመም። ፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነን ኃይል፣ ማለትም ግዴታን ፈጽሞ እንዳይፈጸም የሚያደርግን ያልታሰበ ነገር፣ ይተረጉማል፤ አንቀጹን መጥቀስ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ምን ያህል ንብረት እንደነበረ፣ ምን ያህሉ እንደጠፋ፣ የትኛው ግዴታ በእውነት የማይፈጸም እንደሆነና የትኛው እንደዘገየ ብቻ ማስረዳቱ ነበር። ለዚያ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ የተቃጠለና የተበተነ የሒሳብ ሰነድ። ሕጉንም ሒሳቡንም የሚያነብ ሰው በከተማችን ቢበዛ ኖሮ ብዙ ነጋዴ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ዕውቀት አካውንቲንግ ብቻ መሆን የለበትም። ከገጠር ወረዳዎች የሚመጣው ክርክር አብዛኛው መሬት ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ 252/2009ን የሚያውቅ፣ በዚያ ላይ ካርታና የልኬት ሰነድ ማንበብ የሚችል የሕግ ባለሙያ ለወሎ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተቋም ስላለው ሕጉን ጨርሶ ወደዚያ መሻገር ይቻላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ወሎ ውስጥ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ሆኖ ኪታብ የቀራ ልጅ፣ የፈራኢድን የውርስ ስሌት የሚያውቅ ልጅ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ሲገባ ባዶ እጁን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎች ፈቃድ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም ሥራ ላይ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገና ፍትሐ ነገሥት የሰማ ልጅም እንዲሁ። ይህን ዕውቀት ማንም በዲግሪ አልቆጠረላቸውም፤ እኔ ግን ቅዳሜና እሁድ ከሚገዛ ወረቀት አብልጬ እቆጥረዋለሁ።

ለአመልካቹ ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ፍሬሽማን ላይ ነጥብህን ያዝ። ሕግ ስትገባ ሕጉን ብቻ ተማር። በዕረፍት ወራት የሒሳብ አያያዝ መሠረታዊውን ተማር፤ ሰርተፍኬት ባይኖረውም ግድ የለም፣ የገቢና ወጪ ሚዛን ማንበብ ከቻልክ በቂ ነው። በአማርኛ በየሳምንቱ አንድ አቤቱታ ጻፍ፣ የምታምነው ሰው ያርምልህ። ከተመረቅህ በኋላ ሥራው ራሱ የትኛው ዕውቀት እንደጎደለህ ያሳይሃል፤ ያኔ ሁለተኛውን ዲግሪ ወይም ማስተርሱን አውቀኸው ትመርጠዋለህ። የጥብቅና ሙያም ቢሆን ተለውጧል። አዋጅ 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ አንድ ሰው ሁሉን ማወቅ የሚገደድበት ጊዜ እየቀረ ነው።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የምለው ደግሞ ሌላ ነው። ሕግ ደሴ አለ፣ ቢዝነሱም አለ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ከፋብሪካዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ወላጆች በየኮሌጁ እየከፈሉ በራሳቸው ሊሰፉት የሚሞክሩትን ነገር በሥርዓት ማዘጋጀት የሚችለው ዩኒቨርሲቲው ነው። ሕግና አካውንቲንግ በአንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ ምናልባት በስድስት ዓመት፣ የግብር ሕግ፣ የንግድ ድርጅቶች ሕግና የሠራተኛ ሕግ ለሁለቱም የሚቆጠሩበት፤ የልምምዱም ጊዜ ግማሹ ችሎት፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሆንበት ፕሮግራም። የመውጫ ፈተናውን ጉዳይ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር፣ የዕውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር ከአሁኑ መነጋገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው። የከተማው ነጋዴዎችና ጠበቆች ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀረጽ ተጠርተን ብንጠየቅ የምንለው አለን። እኔ በበኩሌ ተለማማጅ ተቀብዬ ከቢሮዬ መዝገብ ጋር ለማስቀመጥ ዝግጁ ነኝ።