ማይኩን ለማን ነው የምንሰጠው?

ዛሬስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የምኖረው አማራ ክልል ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ክለብ አለን። ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ፋርማሲስቱ፣ ጡረተኛው በየወሩ መዋጮ እየከፈለ ይሰባሰብበታል። ለተቸገሩ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል፣ የአረጋውያን ቤት ያድሳል፣ ክረምት ሲመጣ ችግኝ ይተክላል። ሥራው ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። ብሶቴ ስለ ተጋባዥ እንግዳ ፕሮግራማችን ነው።

ስብሰባው ለ11 ሰዓት ይጠራል። አባላት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ልጆቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው በሰዓቱ ይደርሳሉ። እንግዳው ግን የሉም። «መንገድ ላይ ናቸው» ይባላል። 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ «እየደረሱ ነው»። የክብር እንግዳ ስለሆኑ እሳቸው ሳይመጡ ምንም አይጀመርም። ሲመጡ ሁሉም ብድግ ይላል። መድረክ መሪው የተማሩበትን፣ የሠሩበትን፣ የተሸለሙትን ያነባል። ፕሬዚዳንታችን የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ያደርጋሉ። ፕሮጀክተሩ እምቢ ይላል፣ ገመድ ፍለጋ ይሮጣል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ገና ስለ ምንም ነገር አልተወራም።

ከዚያ ርዕሱ ይወጣል፦ «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለማኅበረሰብ ልማት ያለው ሚና»። ኧረ በፈጠራችሁ! እዚያ የተቀመጠው ሰው እኮ ዓመቱን ሙሉ በበጎ ፈቃድ ሲለፋ የከረመ ነው። የበጎ ፈቃድን ጥቅም ለእሱ ማስተማር ምን ይረባል? አንድ ጊዜ የመጡ እንግዳ የመጀመሪያው ስላይዳቸው ላይ የሌላ ከተማ ስም ተጽፎ ነበር። ቀኑም ያለፈው ዓመት ነው። ሌላ ቦታ ያቀረቡትን ሳይነኩት ይዘውት መጥተዋል ማለት ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መስመር በመስመር አነበቡልን። ስለ እኛ ከተማ ውሃ፣ ስለ እኛ ትምህርት ቤት፣ ስለ እኛ ጤና ጣቢያ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሲጨርሱ ሞቅ ያለ ጭብጨባ፣ ሰርተፍኬት፣ ጋቢ ማልበስ፣ ፎቶ።

እንግዶቹን ብቻ አልወቅስም። ብዙዎቹ ስልክ የሚደወልላቸው በዋዜማው ማታ ነው። «ነገ መጥተው አንድ ነገር ይበሉልን» ይባላሉ። ስለ ምን? ለእነማን? ለምን ያህል ደቂቃ? አይነገራቸውም። ሥራ የበዛበት ሰው በአንድ ሌሊት ምን አዲስ ነገር ሊያዘጋጅ ይችላል? ያለውን ይዞ ይመጣል። ጥፋቱ የፕሮግራም ኮሚቴያችን ነው።

የጥያቄውን ሰዓትማ ተዉት። መጀመሪያ «ሰዓቱ ስለሄደ ሁለት ጥያቄ ብቻ» ይባላል። አንደኛው ይነሳና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ሌላ ንግግር ይጀምራል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከኋላ ቁጭ ብላ እጇን ያወጣችው ወጣት ዕድል ሳታገኝ ሻይ ይቀርባል። ወጣቶች ለምን ከክለቡ ቀሩ እያልን በየስብሰባው እናዝናለን። የሚሰማቸው ሳይኖር ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?

አንጀቴን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። በቅርቡ ከጤና ጣቢያችን አንዲት ሲስተር ተጋብዛ ነበር። ትራኮማ የዓይናቸውን ቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ የቀለበሰባቸውን ሰዎች ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ናት። ክልላችን ውስጥ ይኼ በሽታ ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ሕመሙ እየተመላለሰ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስሰዋል፣ ፀጉሩ ይታጠፍና በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን ይፍቃል፣ በመጨረሻ ያሳውራል። ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እናቶች ስለሆኑ እነሱን ይበልጥ ያጠቃል።

ሲስተሯ ፕሮግራም ላይ የተያዘችው ከአንድ ኃላፊ ቀጥሎ ነበር። ኃላፊው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። እሷ ስትነሳ ሰዉ ቁልፉን መፈለግ ጀምሯል። መድረክ መሪው ጠጋ ብሎ «እባክሽ ባጭሩ» አላት። ስላይድ የላትም። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረንጦ አወጣች። አፉ የዛገ፣ እጀታው በክር የተጠመጠመ። አንዲት እናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ከእንግዲህ አልፈልገውም» ብለው የሰጧት ነው። ያንን ወረንጦ ይዘው ለዓመታት የገዛ ዓይናቸውን ፀጉር ሲነቅሉ ኖረዋል። አዳራሹ ፀጥ አለ። በዚያ ምሽት ሰው የእውነት ሲያዳምጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሲስተሯ ቀጠለች። ሕክምናው በነፃ ነው አለች። ችግሩ ከሩቅ ቀበሌ የሚያመጣቸው መጥፋቱ ነው። ዓይናቸው ታሽጎ በእግር መመለስ አይችሉም። የሕክምናው ቀን ሲደርስ መኪና ቢገኝ… ስትል «እናመሰግናለን ሲስተር፣ ሰዓታችን አልቋል» ተባለች። ማይኩ ተወሰደ።

አዳራሹ ውስጥ ሚኒባስ ያላቸው አባላት ነበሩ። አይሱዙ ያለው አለ። ነዳጅ ማደያ ያለው አለ። የሚያስፈልጋት ሰው በሙሉ ፊቷ ተቀምጦ ነበር። ልመናዋን እንኳን አላስጨረስናትም!

ይኼ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው ሰው ካለ፣ እንደ እኛው በጎ አድራጎት የሚሠሩትን፣ በብዙ አገር ያሉትን የላየንስ ክለቦች ታሪክ ይመልከት። ላየንስ በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። በ1925 ኦሃዮ ግዛት ሴዳር ፖይንት በተደረገው ጉባኤ ላይ ሔለን ኬለር ተጋብዛ ተናገረች። በሕፃንነቷ ዓይኗንም ጆሮዋንም ያጣች ሴት ናት። ንግግሯ ሲነበብ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ስለ በጎ ፈቃድ ሚና ትንታኔ አልሰጠችም። ማየት ለተሳናቸው ቁሙልኝ፣ መከላከል እየተቻለ የሚመጣ ዓይነ ስውርነት እንዲቀር አግዙኝ ብላ በቀጥታ ጠየቀች። ላየንስም ጥያቄዋን ተቀበለ። የዓይን ጤና የማኅበሩ ዋና ሥራ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዞሮ ዞሮ እኛም ጋ ደርሷል፤ ላየንስ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት የካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ በአማራ ክልል የትራኮማ መከላከል ሥራን ሲደግፍ ቆይቷል። የአንዲት ተጋባዥ እንግዳ ጥቂት ደቂቃ ነው መነሻው። ያኔ ማይኩን ቀምተዋት ቢሆንስ?

ከባለሥልጣን ይልቅ እንደ ሲስተሯ ያለ ሰው እንጥራ የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ አንስቼ ነበር። «ባለሥልጣን ካልጠራን ክለቡ ክብደት አያገኝም፣ ደብዳቤ የሚፈርምልን ማነው?» ተባልኩ። ነገሩ እውነት አለው። በትንሽ ከተማ ያለ ፊርማ ቦታም ፈቃድም አይገኝም። ግን ለፊርማ ቢሮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ኃላፊውም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ስለሚያውቁት ሥራ፣ ስለ ዘንድሮው በጀት፣ ውሃው ለምን እንደሚቋረጥ ይንገሩን። እንጠይቃቸው፣ ይመልሱልን። ያ ለእሳቸውም ክብር ነው።

ለንግግር የሚጋበዝ፣ ሁላችንን የሚያውቀን ሰው ሞልቷል። የእንስሳት ሐኪሙ አለ። የማታ ተማሪዎችን የሚያስተምረው መምህር አለ። በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ከአረብ አገር ተመልሳ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ልጅ አለች፤ ሊሄዱ ለሚያስቡ ልጆቻችን ከእሷ የበለጠ ማን ይነግርልናል? እነዚህ ሰዎች የክለባችንን መድረክ ረግጠው አያውቁም። ሰርተፍኬት ስላልደረደሩ ማንም አላሰባቸውም።

የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም ገና አልተሞላም። ለኮሚቴው የምለው ይኼን ነው። ሲስተሯን መልሳችሁ ጥሩ፣ ብቻዋን። ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሯት። 20 ደቂቃ ስጧት፣ የቀረውን ለጥያቄ ተዉት። 11 ሰዓት ከተባለ 11 ሰዓት ይጀመር፣ ማንም ይምጣ ማንም ይቅር። ሚኒባስና አይሱዙ ያላችሁ አባላት ደግሞ በዚያ ቀን እንዳትቀሩ። የሕክምናው ቀን መቼ እንደሆነ ከእሷ ሰምታችሁ፣ ማን የትኛውን ቀበሌ እንደሚያመላልስ እዚያው ተመዝግባችሁ ውጡ።