«እሱ ድሮም እንዲህ ነው»

የአጎቴ ልጅ ሞጣ አካባቢ ንብ ያነባል። ማኅበር ላይ ጫጫታ ሲበዛበት ተነስቶ ይወጣል። ሲያወራም የሰው ዓይን አያይም። ስለ ቀፎ ከጠየቁት ግን ይመሻል፤ የአደይ አበባ ማር በምን እንደሚለይ አስረድቶ አይጠግብም። ሰፈሩ «ዝምተኛ ነው» ብሎ ተቀብሎታል። ደቦ ይጠሩታል። ድግስ ላይ ድርሻው ጓሮ ድረስ ይሄድለታል።

ለንደን ያለው የሥራ ባልደረባዬ ኦቲዝም እንዳለበት ያወቀው በ38 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። እንግሊዝ ኦቲዝም ላለባቸው አዋቂዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች። የምርመራው ወረፋ ግን ረጅም ነው። እስኪደርሰው ሌላውን ሰው ለመምሰል ሲታገል ኖሯል። «ዓይን ማየትን እንደ ትምህርት ነው ያጠናሁት» ብሎኛል። ዓርብ ማታ በሩን ከዘጋ እስከ ሰኞ የሚያናግረው የለም። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ በድባቴ ይጠቃሉ። ተመራማሪዎች ይህን ራስን የመደበቅ ድካምም ከድባቴ ጋር ያያይዙታል።

ስለዚህ ጎጃም ይሻላል እል ነበር።

አምና ለጥምቀት ስሄድ የአደዩ ማር አልተቆረጠም። ንቦቹ ኮብልለዋል። ልጁ ከስቷል፤ ሌሊት አይተኛም። ምን ሆኖ ነው ብል እናቱ «እሱ ድሮም እንዲህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ድሮማ እንዲህ አልነበረም! ዝም ይላል እንጂ ቀፎውን አይተውም ነበር። ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ሊያይ መውጣት ሲያቆምም፣ አለቃችን ያለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ድባቴ ሲይዘው «ከፍቶኛል» ማለት ሊቸግረው ይችላል። የሚወደውን ሲተው ማየት ያለብን እኛ ነን።

የአጎቴን ልጅ ማንም ለኦቲዝም መርምሮት አያውቅም፤ እኔም ስም አልሰጠውም። መጀመሪያ ጸበል ወሰዱት። ጸበሉን አልቃወምም፤ ግፊያውና ጩኸቱ ግን ጎዳው። በኋላ እህቱ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ መድኃኒት ጀመረ። ባልደረባዬን የረዳው፣ የምክር ቀጠሮው ሁሌ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል መሆኑ ነው። የተነጋገሩትም በጽሑፍ ይሰጠው ነበር። ይህን ለእህቱ ነገርኳት። «ምን ተሰማህ?» ማለት ትታ «ዛሬ ቀፎ ጋ ሄድክ?» ትለው ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። አንዱን ባዶ ቀፎ አውርዶ በወይራ ሲያጥን አየሁት አለችኝ።