ባጃጁ የሠርግ ቤት፣ ጀልባው ጨለማ

መጀመሪያ ያየሁት አንድ አምፖል ሲጠፋ ነው። ሐረማያ ሐይቅ መሃል ነን፤ መሽቷል። በአንድ በኩል የሐረር መንገድ ያልፋል። ሱቅ አለ፣ ቤት አለ፣ ሚኒባስ ይመጣል፣ ይሄዳል። መብራቱ ከውሃው ላይ ሲያዩት እንደ መቁጠሪያ ተደርድሯል። ከመሃሉ አንዱ ጠፋ። «መብራት ሄደ» አልኩ በሆዴ፤ የለመድነው ነው። ወዲያው ግን ተመልሶ በራ። ቀጥሎ ያለው ጠፋ። እሱም በራ። ከዚያ ሦስተኛው። ተራ እየጠበቀ የሚሄድና የሚመጣ መብራት ደግሞ አይቼ አላውቅም።

ነጂያችን ቀድሞኝ ገብቶታል። ሞተሩን አጠፋና «ሆይ! ሆይ!» ብሎ ጮኸ። ከጨለማው ውስጥ ሌላ ሰው መለሰለት። መብራቶቹን አንድ በአንድ እየጋረደ የሚመጣው ሌላ ጀልባ ነበር። በአንድ ሚኒባስ ርዝመት ያህል ርቀት ከፊታችን አለፈ። ምንም አላበራም። እኛም አላበራንም ነበር።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ በዚሁ መንገድ ነው የምትደርሱት። ቅዳሜ ከድሬ ዳዋ ወጣን። እኔ፣ እህቴ፣ ባሏ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውና የተቀረው ጀመዓ። የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ ብርዱ ተቀበለን። ከሰዓት ጫት ይዘን በርጫ ተቀመጥን። ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ ምርቃናው ሲሞቅ፣ አንዱ «አቦ፣ ጀልባ እንያዝ!» አለ። ምርቃና ላይ የቀረበ ሐሳብ ውድቅ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ዳር ወርደን የዘጠኝ ሰው ሒሳብ ከፈልን። ፎቶ እስክንነሳ፣ ለቪዲዮ አንድ ዙር እስክንጨምር፣ ጀንበር ጠለቀች።

ጀንበር እኛ ጋ ትቸኩላለች። ቀልድ አይደለም። በምሥራቅ ስለሆንን ሐረር ላይ ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው የምትጠልቀው። ድንግዝግዙም ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። የአዲስ አበባ እንግዳ ይዛችሁ «ገና ነው፣ ብርሃን አለ» ካላችሁ፣ ያ ብርሃን ሞተር እስኪነሳ ላይጠብቃችሁ ይችላል።

ለሐረርና ለድሬ ሰው ጀልባ እንግዳ ነገር ነው። ሐረማያ ሐረርን ውሃ ያጠጣ የነበረ ሐይቅ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከብት ዋለበት፣ ታረሰ፣ ጉድጓድ ተቆፈረበት። ከዓመታት በኋላ ውሃው ሲመለስ ሁላችንም እየሄድን አየነው፤ ደስ አለን፤ ሊለንም ይገባል። ግን እኛ እንደ ባሕር ዳር ልጅ ከታንኳ ጋር አላደግንም። የሐዋሳ ልጅ ጉማሬ ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ሣር እንደሚግጥ ያውቃል፤ ያን ሰዓት በጀልባ ዳር ዳሩን አይልከሰከስም። እኛ ውሃን የምናውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በጀሪካንና በድሬው ወንዝ በደቻቱ።

የደቻቱ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የመጣው በሌሊት ነው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬ ያደገ ሰው ሌሊትና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረውም። ሐይቅ ግን ዝም ይላል። ድምፅ ስለሌለው ያንን ፍርሃታችንን ይዘንበት አንሄድም።

አሁን ወደ ባጃጅ ልምጣ። የድሬ ባጃጅ ማታ እንዴት እንደሚያበራ ታውቃላችሁ። ከፊት ሰማያዊ፣ ከሥር አረንጓዴ፣ ከኋላ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ፤ የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። አስፋልት ላይ፣ የመንገድ መብራት ባለበት፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ። ጀልባው ግን መንገድም መስመርም በሌለበት፣ ፍሬን በሌለው ነገር ላይ፣ ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ይሄዳል። ነጂያችንን ለምን እንደማያበራ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ እኔ ሐይቁን በጨለማም አውቀዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያውቀዋል። እሱን ግን ሌላው ጀልባ አያውቀውም።

ይህን ሰፈራችን ላሉ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው አጫወትኳቸው። ከዚራ ሰፈር በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና «ባቡር እኮ ከኋላው ቀይ ፋኖስ ሳይሰቅል ማታ አይነሳም ነበር» አሉኝ። «ያ ፋኖስ ለነጂው ምን ያደርግለታል ጋሼ?» ስላቸው፣ «ምንም። ከኋላ ለሚመጣው ነው፣ ልጄ» አሉ። እኔ በብዙ አንቀጽ ልጽፈው ያሰብኩትን እሳቸው ቡና ሳይቀዳ ጨረሱት።

የባሕር ሰዎችም ነገሩን የሚያዩት እንደዚያው ነው። በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ለባሕር የተጻፈ ነው፤ ለሐይቃችን አልታሰበም። ግን ስለ ትንንሽ ጀልባ የሚለው ለማንም ይገባል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ሌላ ምንም ባይኖረው፣ ነጭ የእጅ ባትሪ ወይም የተለኮሰ ፋኖስ አጠገቡ ያኑር፣ ሌላ ሲመጣ ሳይረፍድ ያሳይ ይላል። ከ7 ሜትር ያነሰና በሰዓት ከ13 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የማይሮጥ ባለ ሞተር ጀልባ ደግሞ፣ ከየአቅጣጫው የሚታይ አንድ ነጭ መብራት ይበቃዋል። አንድ። ተለቅ ያሉትና ፈጣኖቹ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ ይጨምራሉ። ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ላይ ካየህ ወደ አንተ እየመጣ ነው ማለት ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «የባቡር ሰማፎር ነው በለኛ» ብለው ሳቁ።

መብራት ስል ግን ሞባይል ማለቴ አይደለም። ያን ምሽት ሌላው ጀልባ ካለፈን በኋላ ሁላችንም ደንግጠን የሞባይል ባትሪ አበራን። ስምንት ስልክ። ነጂው «አጥፉት! አጥፉት! አላይም!» ብሎ ጮኸ። ገርሞኝ ነበር፤ በኋላ ገባኝ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ስልክ ፊት ላይ ሲበራ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ መብራቱ ከነጂው ጀርባ ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ይታሰር፣ እሱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። የሞባይል መብራት ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ከዳር አምፖል አይለይም። ሌላው ነጂ ሱቅ ይመስለዋል።

ላይፍ ጃኬት ነበረ ወይ? ነበረ። ተቀምጠንበት ነበር። ወንበሩ እንጨት ስለሆነ ይቆረቁራል፤ ብርቱካናማው ጃኬት ይመቻል። ይህን የማያደርግ እጁን ያውጣ። እህቴ ግን ለልጇ አለበሰችው፣ የአዋቂ ጃኬት። ባሏ ለጨዋታ ብሎ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ልጁን ከፍ ሲያደርገው፣ ጃኬቱ ብቻ ወጣ። ልጁ ውስጡ ቀረ፤ አገጩ ተሸፈነ፣ ዓይኑ ብቻ ቀረ። ሁላችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው አያስቅም። ውሃ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ጃኬቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። ለልጅ በልኩ የተሠራ፣ በእግሩ መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ነው የሚሆነው። ከሌለ ልጁ ዳር ይቆይ፤ ያለቅሳል፣ ይተዋል።

ጃኬት ላይ ፊሽካ ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው። ማታ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። እሱም ትንፋሽ ከቀረው ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር አካባቢ። እኛ በቲሸርት ነው የወጣነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሳይፈልግ አየር አየር ይላል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ዋና መቻል ያኔ ብዙ አይረዳም። ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ መጠጥ የጨመረበት ሰው ከሆነማ ባንነጋገር ይሻላል።

ስለ ጀሪካን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫው ጀሪካን፣ ባዶ ሆኖ ክዳኑ ከተጠበቀ፣ 20 ኪሎ ያህል ክብደት ውሃ ላይ ይሸከማል። አንድ አዋቂ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው አምስት ኪሎ ገደማ ነው። ገመድ አስራችሁ ጀልባው ውስጥ አስቀምጡት። የጃኬት ምትክ አይሆንም፤ ሰው ሲወድቅ ግን ከምንወረውረው ጩኸት ይሻላል። ጀሪካን የሌለበት ቤት ደግሞ በዚህ አገር የለም።

ይህን ታሪክ የነገርኩት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል፤ «ማታ ጀልባ ይከልከል!» እኔ አልስማማም። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መረቡን ሲመሽ ይጥላል፣ ሊነጋ ሲል ያነሳል፤ ሥራው ማታ ነው። የሚያዝናና ጀልባም ቢሆን ክልከላ ስላለ አይቀርም። የሚቀረው መብራቱ ነው። ቅጣት የፈራ ነጂ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መብራት ማጥፋት ነው። ክልከላው ራሱ ጨለማውን ያመጣል። በወረቀት የአገር ውስጥ የውሃ ትራንስፖርት የማሪታይም ባለሥልጣንን ይመለከታል፤ ግን ከአዲስ አበባ መጥቶ ማታ ማታ ሐይቅ ዳር የሚቆም ሰው አንጠብቅ።

እኛ ጋ ያለውን ሰው እንጠቀም። ተራ አስከባሪ። የትኛው የሚኒባስ መናኸሪያ ነው ተራ አስከባሪ የሌለው? ደብተር ይዞ፣ ታርጋ ጽፎ፣ ማን ወጣ ማን ገባ የሚለውን ከነጂው በላይ ያውቃል። ሐይቅ ዳር አንድ እንዲህ ያለ ሰው ይቁም። ስንት ሰው እንደተሳፈረ ይጻፍ፣ ሲመለሱ ይቁጠር። የመዝናኛ ዙር ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ አይጀመር። ከዚያ በኋላ ውሃ ላይ ለሚቀር ሁሉ፣ ለአጥማጁም ጭምር፣ መብራት ይስጥ፣ ሲመለስ ይቀበል።

መብራቱ ለምን ዳር ይቀመጥ ትሉኝ ይሆናል። በሁለተኛው ጉዞዬ ለነጂያችን የባትሪ መብራት ገዝቼለት ነበር። ዋጋው ከአንድ ደህና የጫት ዙርባ አይበልጥም። በሦስተኛው ስሄድ የወንድሙ ባጃጅ ላይ አየሁት። «ጀልባው ላይ ካደረ ይሰረቃል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይሰረቃል። አንድ ሰው በኃላፊነት ካልያዘው በቀር፣ ያለን መብራት ሁሉ ተጠቃሎ ባጃጅ ላይ ይወጣል።

ስለ መቁጠሩ ግን ያላወራኋችሁ አለ። ያን የመጀመሪያውን ምሽት ዳር ስንደርስ ማንም አልቆጠረንም። ነጂው ገመድ እያሰረ ነው። ሰዉ ጭቃ እየረገጠ፣ በጨለማ እየተጠራራ ወረደ። ያ ሌላው ጀልባ ከዓይኔ አልጠፋም ነበርና እኔ ቆጠርኩ። ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት። ጉልበቴ ከዳኝ። የእህቴን ልጅ ፈለግሁ፤ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጧል። እህቴ አለች። የቀሩትን በስም ጠራሁ፤ ሁሉም «አቤት» አሉ። እንደገና ስምንት። ወደ ውሃው ዞርኩ፤ የሚታይ ነገር የለም።

የእህቴ ባል ፊቴን አየና ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ክንዴን ይዞ በጣቱ እየጠቆመ ራሱ መቁጠር ጀመረ። ስምንት ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ፣ ጣቱን ደረቴ ላይ አሳረፈና «ዘጠኝ» አለ።