ማስተካከያ፦ ስለ ሕዋስ ዑደት በወጣው ጽሑፍ ላይ

ስለ ሕዋስ ዑደት፣ ማለትም ሕዋስ አድጎ ለሁለት ስለሚከፈልበት ሂደት፣ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቲም ሀንት «ሳይክሊን የተባለውን ኢንዛይም በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ አገኙ» ተብሎ የተገለጸው በሁለት ነጥቦች የተሳሳተ ስለሆነ እንደሚከተለው ታርሟል።

ሀንት ግኝታቸውን ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ውድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የመረመሩት ሲ አርቺን የሚባለውን እሾሃማ የባሕር እንስሳ እንቁላል ነው። የእንቁራሪት እንቁላል በዚሁ ዘርፍ ከዚያ ቀደም ብሎ በተካሄዱ የተመራማሪው የዮሺዮ ማሱይ ሙከራዎች የታወቀ በመሆኑ ሁለቱን አቀላቅለናል።

ይበልጥ የሚከብደው ግን ሳይክሊንን ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ማለታችን ነው። ሳይክሊን ሲዲኬ ከሚባለው ኢንዛይም ጋር ተጣምሮ ኢንዛይሙን ሥራ የሚያስጀምር ፕሮቲን እንጂ ራሱ ኢንዛይም አይደለም፤ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የተባለ ኬሚካላዊ ቅንጣት እየለጠፈ ሕዋሱን ወደ መከፋፈል የሚገፋው ሲዲኬ ነው። ሀንት ያስተዋሉትም የሳይክሊን መጠን ቀስ በቀስ ከጨመረ በኋላ በእያንዳንዱ ክፍፍል ወቅት ፕሮቲኑ ፈርሶ በድንገት እንደሚቀንስ ነበር፤ የዑደቱ ምት የሚጠበቀውም በዚህ መፈራረስ ጭምር ነው።

የሰው ሲዲኬ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1987 የተገኘው በእንግሊዛዊው ተመራማሪ በፖል ነርስ ቤተ ሙከራ ነው። ነርስና ሀንት፣ ለዳቦ በምንጠቀምበት እርሾ ላይ ከተመራመሩት ከሊላንድ ሃርትዌል ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል፤ ይህ የጽሑፋችን ክፍል እንዳለ ይጸናል። ለተፈጠረው ስህተት አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።